ለቀለሙ ነው ወይስ ለማጠፊያው? ስለ ታጣፊ ሳይክል ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ታጣፊ ሳይክል የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቶ እኔም ጋ ደረሰ። የሚያወራው «ስፔሻል ኤዲሽን» ስለሚባሉት ነው። በልዩ ቀለም፣ በተወሰነ ቁጥር፣ አንዳንዴም የታዋቂ ሰው ወይም የልብስ ብራንድ ስም ተለጥፎባቸው ከተለመደው በላይ ስለሚሸጡት። የጸሐፊው ሐሳብ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ከአዲስ አበባ ዳር የሚኖር ሰው በታክሲ ሰልፍ ከሚማረር ታጣፊ ሳይክል ይግዛ። ከገዛ አይቀር ደግሞ ስፔሻል ኤዲሽኑን ይግዛ። ለምን ቢባል አሠራሩ የተሻለ ነው፣ ክብደቱ ይቀላል፣ ርካሽ የገዛ ሁለቴ ይከፍላል፣ ለዳር ከተማ መንገድ ይመቻል፣ ነጂውን ያስከብራል፣ ሲሸጥም ዋጋውን አይጥልም።

«ታጣፊ ሳይክል ይግዛ» እስከሚለው ድረስ አብረን ነን። እኔም የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። የምነዳውም ታጣፊ ሳይክል ነው፤ ያገለገለች፣ ቀለሟ የደበዘዘ፣ ባለ 20 ኢንች ጎማ። ብሮምፕተን የሚባለው የእንግሊዝ ታጣፊ ሳይክል፣ ያውም ስፔሻል ኤዲሽኑ፣ ያለው ጎረቤትም አለኝ። እህቱ ከለንደን ስትመጣ ይዛለት የመጣችው ነው። ፏ ያለች ሳይክል ናት፣ አልዋሽም። አንዳንዴ ተለዋውጠን እንነዳለን። ስለዚህ የማወራው ከሩቅ አይቼ አይደለም። ቅሬታዬ ጸሐፊው ያ ተጨማሪ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ ሳይለዩ መጻፋቸው ነው።

ከአሠራሩ እንጀምር። ስፔሻል ኤዲሽኑ በእጅ የተበየደ ስለሆነ ጥንካሬው ሌላ ነው ይላሉ። ምሳሌያቸው ብሮምፕተን ነው። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ችግሩ ምሳሌው ራሱ ይቃወማቸዋል።

ብሮምፕተንን የፈጠረው አንድሪው ሪቺ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቢከርተን የሚባል ከአሉሚኒየም የተሠራ ታጣፊ ሳይክል አይቶ፣ ከዚህ የተሻለ መሥራት ይቻላል ብሎ ተነሳ። የሠራውም ለንደን ውስጥ፣ የብሮምፕተን ኦራቶሪ ቤተ ክርስቲያን በሚታይበት አፓርታማው ነው። የሳይክሉ ስም ከዚያ መጣ። ዛሬ ፋብሪካው በምዕራብ ለንደን፣ ግሪንፎርድ የሚባል ቦታ ነው። የብረት ፍሬሙ በነሐስ፣ በእጅ ይበየዳል። በያጆቹም በበየዱት ላይ የየራሳቸውን ትንሽ ምልክት ያትማሉ። ጎረቤቴ ሳይክሉን ገልብጦ ምልክቷን አሳይቶኛል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን በእጅ የሚበየደው ስፔሻል ኤዲሽኑ ብቻ አይደለም። ተራው የብረት ብሮምፕተንም የሚበየደው በእነዚያው እጆች፣ በዚያው ነሐስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ የሚጀምረው ፍሬሙ ተበይዶ ካለቀ በኋላ፣ ቀለም ቤት ሲገባ ነው። አንዱ ጥቁር ይቀባል፣ አንዱ በኒኬል ይለበጣል፣ አንዱ ላይ የአንድ ብራንድ ስም ይጻፋል። ማጠፊያው ያው ነው። ማጥበቂያው ያው ነው። ሲታጠፍ የሚይዘው ቦታም ያው፣ በግምት 58 በ56 በ27 ሳንቲሜትር ነው። ለነገሩ ታጣፊ ሳይክል የምንገዛው እንዲታጠፍልን ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ለኤዲሽኑ የተከፈለው ብር የጨመረው ነገር የለም። ጸሐፊው ያደነቁት ብሮምፕተንን ነው። አድናቆታቸው ልክ ነው፤ ለኤዲሽኑ የጨመሩት ገንዘብ ግን የሄደው ወደ ሌላ ቦታ ነው።

ወደ ክብደቱ ስንመጣ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ደባልቀዋል። «ስፔሻል ኤዲሽኑ ሰባት ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም» ብለው የጻፉት ሳይክል ስፔሻል ኤዲሽን አይደለም። ቲ ላይን የሚባለው፣ በ2022 የወጣው የቲታኒየም ሞዴል ነው። ክብደቱ ከ7.45 ኪሎ ይጀምራል፤ ያሉት ቁጥር ትክክል ነው። ግን ቲ ላይን ቀለም የተቀየረ ሳይክል አይደለም። የተቀየረው ብረቱ ነው። ሲወጣ ዋጋው ከ3,750 ፓውንድ ይጀምር ነበር፤ የተለመደው የብረት ሞዴል በዚያው ጊዜ ከዚህ በግማሽ ባነሰ ዋጋ ይገኝ ነበር። የብረቱ እንደ ማርሹና እንደ ዕቃው 11 እና 12 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ልዩነቱ አራት ኪሎ ገደማ ነው (ሠፈሩን ማለቴ አይደለም)።

አራት ኪሎ ደግሞ ለኔ ቀልድ አይደለም። በየቀኑ አራት ፎቅ ተሸክሜ ነው የምወጣው። አንዳንድ ቀን ሦስተኛው ፎቅ ላይ አቁሜ፣ ለጎረቤት ሰላምታ የምሰጥ መስዬ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ስለዚህ አንድ ሰው ገንዘቡ ኖሮት ለቲታኒየም ከከፈለ እሰየው ነው የምለው። የከፈለበትን ነገር ትከሻው ያውቀዋል። በኒኬል የተለበጠው ወይም ጥቁሩ ኤዲሽን ግን ከተራው በክብደት የሚለይ ነገር የለውም። ደረጃ ላይ እኩል ነው የሚያስለፋው።

በመሃል የሚገቡም አሉ፤ ፍትሐዊ ለመሆን እነሱንም ላንሳ። ሲኤችፒቲ3 የሚባለው ኤዲሽን አንዱ ነው። ከቀድሞው የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪ ከዴቪድ ሚላር ጋር የተሠራ ሲሆን መጀመሪያ የወጣው በ2016 ነው። የፊት ሹካውና የኋላው ፍሬም ቲታኒየም ስለነበር እውነትም ይቀል ነበር። ነገር ግን ያው የቲታኒየም ሹካና የኋላ ፍሬም የሚላር ስም ባልተጻፈበት ብሮምፕተንም ላይ ተመርጦ ይገዛ ነበር። ታዲያ ከስሙ ጋር የመጣው ትርፍ ምንድን ነው? ቀለሙና ጎማው። ጎማው ለእሽቅድምድም የተሠራ ቀጭን ጎማ ነው። ስለ ጎማ ወደ ታች ብዙ የምለው ስላለኝ እዚህ ላይ ልተወው።

«ርካሽ የገዛ ሁለቴ ይከፍላል» የሚለው ላይ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። የለየለት ርካሽ ታጣፊ ሳይክል አደገኛ ነው። ማጠፊያው ይላላል፤ ከላላ በኋላ ፍሬሙ መሃል ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የሚገዛ ሰው ሳይክሉን ዘርግቶ፣ የፊት ፍሬን ይዞ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዝውዘው። ጣቱን ማጠፊያው ላይ ያድርግ። ቋ ቋ የሚል ነገር ከተሰማው፣ ሁለቱ ከንፈሮች ሲከፈቱና ሲገጥሙ ከታወቀው፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ጥሎት ይሂድ። የመሪው ዘንግ ላይ ያለውንም ማጠፊያ እንዲሁ ያድርግ። እሱ ቁልቁለት ላይ ቢከፈት አፍንጫ አይተርፍም።

ነገር ግን የጸሐፊው ክርክር እዚህ ላይ ትልቅ ገደል ይዘላል። በለየለት ርካሽና በስፔሻል ኤዲሽን መካከል ምንም እንደሌለ አድርገው ነው የጻፉት። ተራው ብሮምፕተን ራሱ ርካሽ ነው ያለው ማነው? እሱ ራሱ ኪስ የሚያራግፍ ሳይክል ነው። ከሱ ዝቅ ሲባል ደግሞ ዳሆን አለ። የዳሆን መሥራች ዴቪድ ሆን በአሜሪካ የሌዘር ተመራማሪ የነበረ ሰው ነው። በ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ ጊዜ ሐሳቡን ወደ ታጣፊ ሳይክል አዞረና በ1982 ኩባንያውን አቋቋመ። ተርን የሚባለው ደግሞ በ2011 ከዚያው ቤተሰብ የወጣ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ባለ 20 ኢንች ጎማ ናቸው፤ ማጠፊያቸውም በደንብ የታሰበበት ነው። ያገለገለ ከተገኘ ደግሞ ዋጋው የባሰ ይወርዳል።

ስለ ዋጋ ካነሳን ጸሐፊው የዘለሉት አንድ ስሌት አለ። እሳቸው የጻፉት ለንደን ሱቅ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ዋጋ እሱ አይደለም። ቀረጥ የሚሰላው ከነማጓጓዣውና ከነኢንሹራንሱ ባለው የዕቃው ዋጋ ላይ ነው። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል፤ ታክሱም የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ነው። ስለዚህ ለቀለም የተጨመረው እያንዳንዱ ፓውንድ ራሱ ይቀረጣል፣ ራሱ ይታከሳል። ብሩ ደግሞ በሐምሌ ወር 2024 በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ማለፉን ሁላችንም እናስታውሳለን። እንግሊዝ አገር ላለ ሰው «ትንሽ ጨምሮ» የሚገዛው ቀለም እዚህ ሲደርስ ትንሽ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ለዳር ከተማ መንገድ ይመቻል ወደሚለው። ይሄኛው ነጥብ ነው ብዕር ያስነሳኝ። ጽሑፉን ሳነብ ጸሐፊው የሚያውቁት አስፋልት የቦሌ አስፋልት ነው እንዴ ብዬ ነበር።

ብሮምፕተን ባለ 16 ኢንች ጎማ ነው። ትንሽ ጎማ ለስላሳ አስፋልት ላይ ደስ ይላል፤ ሲነሳ ቀልጣፋ ነው። ኮብልስቶን ላይ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ትልቅ ጎማ የሚያልፈው ክፍተት ውስጥ ትንሹ ይገባል። ገብቶም ሲወጣ የሚመታው ወገብን ነው። ብሮምፕተን ከኋላው ድንጋጤውን የምትቀበል አንዲት የጎማ ቁራጭ አለችው፤ ትረዳለች፤ ፊት ለፊት ግን ምንም የለውም። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ብሎኮቹ የሚገባው ኮብልስቶን ላይ የጎረቤቴን ስነዳ ጥርሴ ይንጫጫል። የራሴዋም አልጋ ናት አልልም፤ ግን ጎማዋ ሰፊ ነው፤ ትንሽ ነፋስ ቀንሼላት እሄዳለሁ። ኩባንያው ራሱ በ2024 ጂ ላይን የሚባል ባለ 20 ኢንች፣ ባለ ዲስክ ፍሬን ሳይክል ያወጣው እኮ ሻካራ መንገድ ላይ የሚነዱ ሰዎች ስላሉ ነው።

እንግዲህ ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ የጎማው ጉድ የሚመጣው ከተገዛ በኋላ ነው። የጎረቤቴ የኋላ ጎማ ጎኑ ላይ ተቀደደ። አብረን ወደ ሠፈራችን ጎሚስታ ሄድን። ጎሚስታው ጎማውን አገላበጠ፣ 16 የሚለውን አየና «ይሄማ አለ» ብሎ ከጓዳው የልጆች ሳይክል ጎማ አወጣ። አዲስ ነው፤ እሱም ላይ 16 ተጽፎበታል። ቸርኬው ላይ ሊያስገባው ታገለ። በአንድ ወገን ሲገባ በሌላው ይወጣል። በማንኪያ ሞከረ፣ በሁለት ማንኪያ ሞከረ። በመጨረሻ ሁለቱን ጎማዎች ጎን ለጎን አቆማቸው። አንዱ ካንዱ በግልጽ ያንሳል።

ምስጢሩ ያለው ጎማው ጎን ላይ በተጻፈች ትንሽ ቁጥር ነው። የብሮምፕተኑ ላይ 37-349 ይላል። የልጆቹ ላይ 47-305። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት ነው፤ ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዙር ዲያሜትር፣ በሚሊሜትር። ሁለቱም «16 ኢንች» ይባላሉ፤ በመካከላቸው ግን 44 ሚሊሜትር አለ። በጉልበት የሚሞላ ልዩነት አይደለም። 305 በየሠፈሩ አለ፤ ልጆች የሚነዱት እሱን ነው። 349 ፍለጋ መርካቶ ሳይቀር ዞርን፤ ያገኘነው ትከሻ መነቅነቅ ብቻ ነው። ሳይክሏ ከውጭ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ በረንዳ ላይ ቆመች። የኔ ጎማ 406 ነው። ቢኤምኤክስ የሚባለው የልጆች ሳይክል ጎማ ስለሆነ የትም አለ፤ ጎሚስታው ጣሪያ ላይ ሳይቀር ተንጠልጥሏል።

ጸሐፊው «ይሄ የተራውም ብሮምፕተን ችግር ነው» ሊሉኝ ይችላሉ። ልክ ነው፤ ነው። ግን ስፔሻል ኤዲሽኑ ሲያባብሰው እንጂ ሲያቀለው አላየሁም። የኤዲሽኑ ውበት ያለው ሁሉም ነገር ከቀለሙ ጋር መሄዱ ላይ ነው። ጎኑ ቡናማ የሆነ ጎማ፣ ከፍሬሙ ጋር የሚመሳሰል መያዣ፣ ጥቁር የተለበጠ ፔዳል መምቻ። አንዱ ሲሰበርና ተራ ዕቃ ሲገባበት የከፈሉበት ነገር ፈረሰ። ያንን ልዩነት ብር ይዞ ተራውን የገዛ ሰው ግን ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ጥቂት ከመነዳሪ፣ የፍሬን ላስቲክና ገመድ አብሮ ማስመጣት ይችላል። ቱሉ ዲምቱ ላይ ሳይክልን የሚያስኬደው እሱ ነው።

ሌላው ክረምት ነው። የሐምሌ ጭቃ ምን እንደሚመስል ለኮንዶሚኒየም ሰው አላስረዳም። ከመንገዱ ወደ ብሎኩ ስገባ ካቴናው ቡና የነካው ክር ይመስላል። በዚህ ጊዜ የሚያዋጣው ማርሹ የኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ የተደበቀ ሳይክል ነው። ብዙ የብረት ብሮምፕተኖች ላይ ያለው ስተርሚ አርቸር የሚባለው ባለ ሦስት ማርሽ እንደዚህ ነው፤ ኩባንያው በ1902 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረ ነው። ጭቃ አይደርስበትም፤ ቆሞም ማርሽ መቀየር ይቻላል። ጸሐፊው ያሞገሷቸው ቀላሎቹና ውዶቹ ግን፣ በከፊል ቲታኒየም የሆነው ፒ ላይንም ሆነ ቲ ላይን፣ ሲወጡ ክብደት ለመቀነስ ይሄንን አውጥተው ነው የመጡት። በምትኩ ውጭ ላይ የተንጠለጠለ ባለ አራት ማርሽ ተደረገላቸው። ቲ ላይን እንዲያውም አንድ ማርሽ ብቻ ያለው ምርጫም አለው። ለሜዳ ከተማ አሪፍ ነው።

እኛ ያለነው ሜዳ ላይ አይደለም። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ እየወረደች የሄደች ከተማ ናት። ላይኛው ጫፍ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ እኛ ታች ነን። ስለዚህ ከኛ ሠፈር ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ጠዋት ዳገት ነው፣ ማታ ቁልቁለት። ቃሊቲን አልፎ ወደ ሳሪስ ሲጠጋ ሳንባው ማርሽ ይጠይቃል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው እኮ የምንተነፍሰው። የብረቱ ባለ ስድስት ማርሽ ብሮምፕተን ከነክብደቱ ለዚህ መንገድ ከባለ አራት ማርሹ ይሻላል። ርካሹ ከውዱ የሚሻልበት ቦታ አለ ለማለት ነው።

ታክሲ ላይ ግን ለጸሐፊው ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። ብሮምፕተን ሲታጠፍ ካቴናው በሁለቱ ጎማዎች መሃል ይደበቃል። ግራሶው የሰው ሱሪ አይነካም። የኔዋ ስትታጠፍ ወደ 80 ሳንቲሜትር ትረዝማለች፤ ካቴናዋም ሜዳ ላይ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ሳስገባት ረዳቱ «የሁለት ሰው ነው የምትከፍለው» ማለቱ አይቀርም። ያለ ፌስታል ከገባሁ ደግሞ የአንዲት እናት ነጠላ ላይ የፈጠርኩት ጥፋት እስከ ቃሊቲ ያስመርቀኛል፤ ምርቃቱ ምን ዓይነት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ብሮምፕተን ሃይገር ውስጥ ከመቀመጫ ጎን ገብቶ ማንም አያየውም።

ታዲያ ጎረቤቴ እንዴት ይሄዳል መሰላችሁ? በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ። ቀለሙ እንዳይጫር። የታክሲ ወለል ብረት ነው፤ ጄሪካን ይገባል፣ የሽንኩርት ጆንያ ይገባል፣ ለበዓል ሰሞን በግም ይገባል። ሳይክሉን ከእነዚህ ጋር ማስቀመጥ ስለማይሆንለት አጠገቡ መቀመጫ ላይ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ እሱም የሁለት ሰው ይከፍላል። ትንሽ ሆኖ በመታጠፍ የታወቀው ሳይክል ቀለሙ ስለተወደደ ብቻ የኔን ያህል ቦታ ያዘ ማለት ነው። ተራውን ገዝቶ ቢሆን ጥግ ላይ ጥሎት ስልኩን ይነካካ ነበር።

«ያስከብራል» የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ሳይክል የልጅ መጫወቻ ነው፣ ወይም መኪና ያጣ ሰው ነው የሚነዳው የሚል አስተሳሰብ እንዳለ አውቃለሁ። «መንገድ ለሰው» በ2018 ከተጀመረ ወዲህ፣ የኮሪደር ልማቱም መሃል ከተማው ላይ የሳይክል መስመር ካመጣ ወዲህ ነገሩ ትንሽ ለዘብ ብሏል። ወደ ዳር ሲወጣ ግን መስመሩም ያልቃል፣ ለዘብታውም ያልቃል። ሲኖትራክ የሚነዳ ሰው በመስታወቱ የሚያየው ሳይክል እንጂ ኤዲሽን አይደለም። ጎረቤቴን የሚያስቆመው ሰው መኖሩ እውነት ነው፤ ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፦ «ስንት ነው?» ዋጋውን ሲሰማ ሰውየው በአክብሮት አይደለም የሚያየው። ሌባም ይሰማል። ጎረቤቴ ሳይክሉን ካፌ በር ላይ አስሮ መቀመጥ ካቆመ ቆይቷል። ከወንበሩ ሥር ያስገባዋል፤ አስተናጋጁ ካኮረፈም ተነስቶ ይሄዳል።

የቀረው ሽያጩ ነው። ስፔሻል ኤዲሽን ቁጥሩ የተወሰነ ስለሆነ ዋጋው አይወርድም፣ እንዲያውም ይጨምራል ይላሉ። ለንደን ውስጥ ወይም ሲንጋፖር ውስጥ ሰብሳቢዎች አሉ፤ እዚያ አንዳንዱ ኤዲሽን ዋጋውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። «የተወሰነ» የሚለው ቃል ግን ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። ብላክ ኤዲሽን የሚባለው ለምሳሌ በተለያዩ ዓመታት እየተመለሰ ወጥቷል። ደግሞ ሰብሳቢ የሚከፍለው ላልተነዳ ሳይክል ነው። እኛ ጋ በየቀኑ አራት ፎቅ የወጣና ኮብልስቶን የመታው ሳይክል ከዚያ ገበያ ወጥቷል። ላለመንዳት ከሆነ የሚገዛው፣ ታዲያ የታክሲ ሰልፉን ምን አመጣው?

እዚህ አገር ያለው ገዢ የሚያየው ሌላ ነው። ጎረቤቴ አንድ ጊዜ ሊሸጠው አስቦ ሰው መጥቶ አይቶለት ነበር፤ እኔም ነበርኩ። ሰውየው ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ፤ ፍሬኑን ያዘ፤ ዘርግቶ አጠፈው፤ ሲታጠፍ ሳቀ፤ ሁሉም ሰው ይስቃል። ከዚያ «ጎማው እዚህ ይገኛል?» አለ። ጎረቤቴ ስለ ኤዲሽኑ ሊያስረዳው ሞከረ። ሰውየው በትዕግሥት ሰምቶ ለአንድ ሳይክል የሚሰጠውን ዋጋ ሰጠ። ለቀለሙ የጨመረው ነገር አልነበረም። አልተስማሙም።

ጸሐፊው መልስ የሚጽፉ ከሆነ ሁለት ነገር ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል። አንደኛ፣ ማርሹን ወይም ብረቱን ሳይሆን ኤዲሽኑን ራሱን ይዘው፣ ከቀለም ያለፈ ምን እንደጨመረ በስም ጠርተው ቢነግሩን። ሁለተኛ፣ 349 ጎማ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጥበትን ሱቅ የሚያውቁ ከሆነ አድራሻውን ቢጽፉልን። ጎረቤቴ የፊተኛውም ሊያልቅበት ነው።